ስለ አንድ ዓመት የሳይንስ ትምህርት፦ ለጋሞ ዞን ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጋሞ ዞን ትምህርት መምሪያ፤
እንዲሁም በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸውም ወላጆች፤
አርባ ምንጭ።

ክቡራን ሆይ፤

በሰባተኛ ክፍል የሚማር ልጅ በመስከረም የተቀበለውን የአጠቃላይ ሳይንስ መጽሐፍ በሰኔ አጥፎ ሲያስቀምጥ፣ በመካከሉ ባለፉት ወራት ከሥነ ፍጥረት ምን ነገር በገዛ ዐይኑ መርምሮ፣ በገዛ እጁ ለክቶ፣ በገዛ ብዕሩ ጽፎ እንዳኖረ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው መጽሐፉ ያለውን መልሶ ማለቱን ብቻ ነው። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ የቆየ ስለ ሆነ፣ ደግሞም በአንድ አባት ቤት ተነግሮ ከሚቀር ይልቅ ሕዝብ ቢመክርበት የሚሻል መስሎ ስለ ታየኝ፣ በጋሞ አገር ሽማግሌዎች የአገሩን ጉዳይ በዱቡሻ ተቀምጠው በግልጽ እንደሚመክሩበት ሁሉ እኔም ሐሳቤን በግልጽ ደብዳቤ ለማቅረብ ደፈርሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እርሱንም ምክንያቱን ካስረዳሁ በኋላ እገልጸዋለሁ።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተብለው በየመጽሐፋቸው ተለያይተው ይሰጡ የነበሩት ትምህርቶች፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አጠቃላይ ሳይንስ በሚል ስም ተጠቃልለው መምጣታቸውን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። የኩልፎ ወንዝ ከደጋው አፈር ጠርጎ ወደ ጫሞ ሲወርድ ፊዚክሱን ከኬሚስትሪው ለይቶ የሚወርድ አይደለምና፣ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመት ለሆነው ልጅ ፍጥረትን ሳይከፋፍሉ ማሳየት የተገባ ነው። በሰባተኛው ክፍል ስለ ሳይንስ ምንነትና ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃ፣ ስለ ቁስ አካል፣ ስለ ንጥረ ነገር፣ ስለ ውህድና ስለ ድብልቅ፣ ስለ ሕዋስ፣ ስለ ሕያዋን ፍጥረታት ብዝኃነት፣ በመጨረሻም ምድር በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ስላላት ስፍራ ይማራል፤ በስምንተኛው ደግሞ አሲድና ቤዝ፣ የሰው አካል ሥርዓቶችና ጤንነት፣ ሥርዓተ ምኅዳርና የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ይከተላሉ። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን እሳትን፣ ነፋስን፣ ውሃንና መሬትን፣ አራቱን ባሕርያት አስቀድመው፣ ከዚያ ወደ ሥጋ ለባሽ ፍጥረትና ወደ ሰማይ ብርሃናት ይሻገሩ እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው የዚህ መጽሐፍ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ ሥርዓቱን አልነቅፍም። የጐደለው በመጽሐፉና በልጁ ደጃፍ መካከል ያለው መንገድ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ብለን እናስተምራለን። ቃሉ እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ በምድጃ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን የወጣ ሰው፣ በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከጨንቻ ሲደርስ፣ ያው ውሃ በ91 ዲግሪ ሲፈላ ያገኘዋል፤ ማሰሮ ተሸክሞ ከጉጌ ተራራ ራስ ላይ፣ 4,200 ሜትር ገደማ የሚደርስ ብርቱ ሰው ቢገኝ ደግሞ፣ በ86 ዲግሪ ሲንተከተክ ባየ ነበር። ምክንያቱ ከፍ ባልን መጠን ከበላያችን የሚጫነን አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ውሃው ተን ሆኖ ለመውጣት የሚያሸንፈው ግፊት የሚያንስ መሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ በጨንቻ ባቄላ የምትቀቅል እናት፣ ውሃዋ ቶሎ ቢፈላላትም የፈላው ውሃ ትኩሳቱ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በቆላ ካለችው እኅቷ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ትቆያለች። በዚህ በአንዱ ነገር ውስጥ የቁስ አካል ሁኔታ፣ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የትኩሳት ልዩነት፣ የአገሩም መልክዐ ምድር አንድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ለማሳየትም አንድ ቴርሞሜትር ከበቂ በላይ ነው። የጨንቻ ተማሪ ግን በፈተና ወረቀት ላይ 91 ብሎ ቢጽፍ፣ ከእናቱ ምድጃ ለክቶ ያገኘው ቁጥር ቢሆንም እንኳ፣ ስሕተት ተብሎ ይሰረዝበታል። እውነቱን ለክቶ የተሳሳተ፣ ሳይለካ አጥንቶ ደግሞ ያገኘ የሚባልበት ትምህርት ሳይንስ መባሉ ይገርመኛል።

የዝናቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ወራት ክረምት መሆኑን፣ ዝናብም የሚበረታበት ወራት እርሱ መሆኑን ልጆቻችን ከታችኛው ክፍል ጀምረው ያጠናሉ፤ ለአዲስ አበባ፣ ለጎጃምና ለጎንደር ነገሩ እንዲሁ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባለው ቆላ ግን ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ በክረምቱ መካከል ቀለል ብሎ ይቆይና በመስከረምና በጥቅምት ዳግመኛ ይመለሳል። ሙዝ የሚያለማው ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ልጁ ግን አባቱ የሚያውቀውንና መጽሐፉ የሚለውን የሚያመዛዝንበት መለኪያ አልተሰጠውም። መለኪያውም ውድ አይደለም፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተቀምጦ በየማለዳው የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ቢለካ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ስለ ሆነ፣ ልጁ የጣራውን ስፋት በዝናቡ ልክ አባዝቶ በአንድ ሌሊት ስንት በርሜል ውሃ በከንቱ እንደ ፈሰሰ ለርእሰ መምህሩ ሊነግረው ይችላል። ርእሰ መምህሩ ደስ ላይለው ይችል ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። ከተራራው ሥር በጥቅጥቅ ደን መካከል እየፈለቁ ከተማችንን የሚያጠጡት ምንጮችም ከላይ በደጋው ወርዶ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ከገባው ዝናብ የሚመጡ መሆናቸውን ለማስረዳት፣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው በግራው ዓባያን፣ በቀኙ ጫሞን፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለውን ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ የነጭ ሳርን ሜዳና የአማሮን ተራሮች ያያል። ይህ ሁሉ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምድርን ከፍሎ የሠራው ነው፤ ምድሪቱም እስከ ዛሬ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ልክ መስፋቷን አላቋረጠችም። ሁለቱ ሐይቆች ግን ጎረቤታሞች ሲሆኑ መልካቸው አይመሳሰልም፤ ጫሞ ጠራ ብሎ ሲታይ ዓባያ ዓመቱን ሙሉ እንደ ቀላ ይኖራል። ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና እና ሌሎችም ወንዞች ከተራቆተው ደጋ ጠርገው የሚያመጡት አፈር እጅግ የላመ በመሆኑ፣ ሐይቁም ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጥልቀት የሌለውና ነፋስ የሚያማታው በመሆኑ፣ ደለሉ ሳይሟሟም ሳይዘቅጥም ተንሳፍፎ ይቀራል። በሰባተኛ ክፍል ሙሙትና ተንሳፋፊ ድብልቅ እየተባለ በሥዕል የሚነገረው ትምህርት፣ በሁለት ብርጭቆ፣ በአንዱ የጫሞን፣ በሁለተኛው የዓባያን ውሃ ቀድቶ በመስኮት ደፍ ላይ ለጥቂት ቀናት ማኖር ቢጨመርበት፣ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ከዚያ በኋላ መምህሩ በየጓሮው የሚበቅለውን፣ የአገሩ ሰው ሀለኮ፣ ሌላው ሽፈራው የሚለውን ዛፍ ፍሬ አስወቅጦ ከደፈረሰው ውሃ ጥቂት ቢጨምርበት፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጥቃቅኑን ደለል እርስ በርሱ እያያዘ ወደ ታች ሲያወርደውና ውሃው ሲጠራ ልጆቹ ያያሉ። ውሃው ስለ ጠራ ብቻ የሚጠጣ አለመሆኑን፣ ዐይን የማያያቸው ተሕዋስያን ሊቀሩበት እንደሚችሉ መንገርም የዚያው ትምህርት ክፍል ነው። አንዱን ሐይቅ ያቀላው ቀይ አፈር ከላይ የማን እርሻ እንደ ነበረ መጠየቅስ? እርሱን ለስምንተኛ ክፍል የሥርዓተ ምኅዳር ትምህርት እተወዋለሁ።

ስለ እንሰት ጥቂት ሳልናገር ባልፍ የደጋው ሰው ይቀየመኛል። ለመሆኑ በጋሞ ደጋ የምትኖር አንዲት እናት የፋቀችውን እንሰት በቅጠል ጠቅልላ በጉድጓድ ውስጥ ስትቀብረው፣ ከጊዜም በኋላ ቆጮ አድርጋ ስታወጣው፣ የምትሠራው ሥራ ምንድር ነው? በቤተ ሙከራ ቋንቋ ቢነገር፣ አየር እንዳይገባ ከልክላ፣ የላክቲክ አሲድ አምራች የሆኑትን ባክቴሪያዎች አራብታ፣ የምግቡን አሲድነት ከፍ በማድረግ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን እንዳይኖሩበት ታደርጋለች። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የተቀቀለበት ውሃ በአሲድ ሲነካ ወደ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ ከሩቅ አገር ሊትመስ ወረቀት ሳይመጣ ትኩሱን ፍቅፋቂና የበሰለውን ቆጮ አጠገብ ለአጠገብ መመርመር ይቻላል። ልጁ ሴት አያቱ ከጥንት ጀምሮ የምታውቀውን ጥበብ በመጽሐፉ ውስጥ ሲያገኘው፣ አያቱንም መጽሐፉንም በአዲስ ዐይን ማየቱ አይቀርም።

ስለ ሕዋስና ስለ ባክቴሪያ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለበት። እንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ የገበሬውን ጓሮ ባዶ የሚያስቀር ጠላት ነው፤ መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑንም ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብራድበሪ ከተባለ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ገጀራና ቢላዋ ነው፤ የታመመ እንሰት የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ከመንካቱ በፊት በእሳት ላይ ቢገረፍ መንገዱ ይዘጋል። ያው ባክቴሪያ ሙዝንም ይይዛል። የአርባ ምንጭ ሙዝ ደግሞ ዘር የለውም፤ ከእናቱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ የሚተከል በመሆኑ የአንድ ማሳ ሙዝ ሁሉ በተፈጥሮው አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን የማይጥልበት ምክንያት የለም። በላንቴና በጫኖ የሚኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሕዋስ ሲማር ይህን ካልሰማ፣ ሕዋስን ለምን እንደ ተማረ ቢጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም።

ስለ ሰው አካል በሚሰጠው ትምህርትም ስለ አንድ በሽታ ያለ ኀፍረት ሊነገር ይገባል። በቀይ አፈር ደጋዎች በእግራቸው ያለ ጫማ ሲሄዱ ኖረው እግራቸው አብጦ የሚሠቃዩ ወንድሞችና እኅቶች በጋሞም አሉ፤ በሽታው በልማድ ዝሆኔ ይባላል፤ አንዳንዱ የእግዚአብሔር ቁጣ፣ አንዳንዱ በዘር የሚመጣ መርገም፣ አንዳንዱም የሚጋባ ደዌ ነው እያለ ከሰርግና ከማኅበር ያርቃቸዋል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረገው ረጅም ምርምር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ጥቃቅን ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፉን መንገድ በማወካቸው በሽታው እንደሚነሣ አስረዳ። ትልም ባክቴሪያም የሌለበት ስለ ሆነ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ በአንዳንድ ቤተ ሰብ መብዛቱ የሰውነት ተጋላጭነት በዘር ስለሚወረስ ነው እንጂ መርገም ስለ ሆነ አይደለም። ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል፤ የታመመውንም መታጠቡና ቅባቱ ያቀልለታል። የሊምፍ ሥርዓት በመጽሐፍ ውስጥ በጥቂት መስመር የሚታለፍ ነው፤ በቦንኬና በጨንቻ ትምህርት ቤት ግን አንድ ሙሉ ሳምንት ቢሰጠው የበዛ አይመስለኝም። በሽታው አይጋባም የሚለውን ቃል ከልጁ አፍ የሚሰማ መንደር፣ ከባለሥልጣን አፍ ከሚሰማው ይልቅ ይቀበለዋልና።

ስለ ሕያዋን ፍጥረታት ብዝኃነት ሲነገር ነጭ ሳርን ለማለፍ አይቻልም። በ1966 ዓ.ም. ፓርክ የሆነው ይህ ሜዳ በዓለም የተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ እንግዳ የሆነ ስም አለው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በፓርኩ መንገድ ላይ መኪና ከገጫት ወፍ የቀረ አንድ ክንፍ አገኙ፤ ሌሊት የምትበር፣ ቀን በመሬት ላይ ተኝታ የምትውል የወፍ ወገን ክንፍ ነበረ። በክንፉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችና የላባዎቹ ልክ ከሚታወቁት ወፎች ሁሉ ጋር ተነጻጽሮ የማንኛዋም አለመሆኑ ስለ ታወቀ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ወፊቱ በዚያ በአንድ ክንፍ ምስክርነት ብቻ ከሊቃውንት መዝገብ ገባች። ይህን ታሪክ በአርባ ምንጭ ያለ ተማሪ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው፤ ጠቢብ የሚያደርገው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን የተጣለውን ነገር አንሥቶ መመልከት መሆኑን ያሳየዋልና። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ ነበረ የቢልሃርዝያን ማስተላለፊያ ለመግታት ለሚሆን ምርምር መነሻ የሆነው፤ ልብስ ሲታጠብ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ቀንድ አውጣውን ግን እርሱ አየ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዞ እርባታው ደጃፍ በየጊዜው ከሚመላለሱት ተማሪዎች መካከል የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው እንቁላሉ የተቀበረበት አፈር ሙቀት መሆኑን የሚያውቁት ስንቶች ናቸው? ጉማሬ ሌሊት በምድር የጋጠውን ሣር ቀን በጫሞ ውስጥ ፋንድያ አድርጎ ሲጥለው፣ ያ ፋንድያ ለጥቃቅኑ አረንጓዴ ነገር፣ እርሱ ቆሮሶ ለሚባለው አሣ፣ ቆሮሶው ደግሞ ለአዞውም ለአሣ አጥማጁም ምግብ እንደሚሆን በሥዕል ከማጥናት ከሐይቁ ዳር ቆሞ መስማት ይሻላል።

ከሁሉም ይልቅ ለልቤ የቀረበው የፀሐይ ነገር ነው። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትቆማለች፤ አንደኛው በጥንተ ስቅለት በመጋቢት 27፣ ሁለተኛው በጳጉሜን 2 ገደማ ነው። በእነዚህ ዕለታት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ጎንደር ደግሞ ከእኛ በስተ ሰሜን በአንድ መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀትር በእኛና በእነርሱ ላይ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት በጎንደር ሜዳ የተተከለ አንድ ሜትር እንጨት 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፤ ይህም በፀሐይ ጨረርና በእንጨቱ መካከል 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ማዕዘን መኖሩን ያሳያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ 6 ዲግሪ ተኩል ይህን ያህል ርቀት ከሸፈነ 360 ዲግሪ ስንት ይሸፍናል ብሎ ያሰላ ልጅ፣ የምድር ዙሪያ ወደ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑን ከጥላ ያገኘዋል። ባሕረ ሐሳብን ደረሰ የምንለው ድሜጥሮስ በሊቀ ጵጵስና በተቀመጠባት በእስክንድርያ፣ ከእርሱ ከ400 ዓመት በላይ አስቀድሞ ኤራቶስቴንስ የተባለ ጠቢብ ምድርን የለካው በዚህ ዓይነት ነበረ። የእኛ ልጆች ደግሞ ከእርሱ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ለጎንደር ወንድሞቻቸው ስልክ መደወል ይችላሉ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ተማሪ ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድ የምልከታ መዝገብ እንዲይዝ፣ ያም መዝገብ በተከታታይ ምዘና ውስጥ ከመቶው ሃያ ነጥብ እንዲሰጠው መምሪያው ይወስንልን። በመዝገቡ ውስጥ የዝናቡ ልክ፣ የጥላው ርዝመት፣ የውሃው ትኩሳትና ጥራት፣ በጓሮ ያለው የእንሰት ወይም የሙዝ ሁኔታ፣ ልጁ ያየው ሌላም ነገር ከነቀኑ ይጻፋል። መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም መዝገቡን ልጁ በጋሞኛም ሆነ በአማርኛ ቢጽፈው አይከልከል፤ ዐይኑ ያየውን ለመጻፍ የባዕድ ቃል ሲፈልግ ያየው እንዳይጠፋበት። ያላየውንም አላየሁም ብሎ የጻፈ ልጅ ነጥብ አይጉደልበት። በአብነት ትምህርት ቤት ንባቡን ያልጨረሰ ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜ እንዳይገባ እንደሚከለከል፣ በሳይንስም ምልከታው ንባብ፣ የመጽሐፉ ሐተታ ትርጓሜው ነውና።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንደኛው በአንድ ክፍል የተማሪው ቁጥር ስለሚበዛ መምህሩ ይህን ሁሉ መዝገብ ማረም አይችልም የሚል ነው፤ ይህ ተቃውሞ ጽኑ ነው፤ መልስ የምሰጠውም በከፊል ነው። መዝገቡ በየሳምንቱ ይታረም አልልም፤ በወር አንድ ጊዜ ጥቂቶቹን በዕጣ አውጥቶ ማየት ይበቃል። ሁለተኛው ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይገለብጣሉ የሚል ነው፤ ይገለብጣሉ እንጂ። ነገር ግን የሴቻ ትምህርት ቤት ዝናብ ከሲቀላው ጋር፣ የሁለቱም ከጨንቻው ጋር ሲነጻጸር በመጽሐፍ ውስጥ ያልተጻፈ ቁጥር ስለሚሆን፣ ሐሰቱ ከእውነቱ ጎን ሲቆም ራሱን ይገልጣል። ሦስተኛው ግን ሁላችንም በልባችን የያዝነው ነው፤ በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው ክልላዊ ፈተና የመጽሐፉን ቃል ስለሚጠይቅ፣ በምልከታ የሚጠፋ ሰዓት ለፈተናው ኪሳራ ነው የሚል። በዚህ ላይ የምለው አጭር ነው፤ ፈተናውን የሚያወጣው ክልሉ ነው፤ መምሪያው ሊወስን የሚችለው ተከታታይ ምዘናውን ነው፤ በሚችለው ይጀምር።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጥቂት ብርጭቆ። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ፣ መጀመሪያውም የውሃ ትምህርት ስለ ነበረ ዝናብንና ወንዝን ስለ መለካት ከእርሱ የተሻለ አማካሪ አይገኝም፤ ለመምህራኑ የጥቂት ቀናት ሥልጠና እንዲሰጥልን መምሪያው ቢጠይቀው እንቢ የሚለን አይመስለኝም። የትምህርት ቤቶቹ የዓመት ዕቅድ በነሐሴ የሚወጣ ስለ ሆነ ውሳኔው ከዚያ በፊት ቢደርሰን ጣሳዎቹ ለመስከረሙ ዝናብ ይደርሳሉ።

ጥላውን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን እንዲለኩልን ለጎንደር ትምህርት ቤቶች የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ከወላጅ ይልቅ የመምሪያው ማኅተም ያረፈበት ቢሆን ይከበራል። መጋቢት 27 ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢውል አሳብ አይሁን፤ ፀሐይ በአንድ ቀን የምትርቀው ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዕለት እስከ ለኩ ድረስ በእኛ ዘንድ ትንሽ ጥላ ቢኖር እንኳ የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት (ጥላዎቹ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከወደቁ ግን ድምራቸው) በዓመቱ በማናቸውም ቀን ያው ስለ ሆነ፣ ዓርብም ሰኞም መለካት ይቻላል። በደብዳቤው ውስጥ እንጨቱ በቱንቢ ቀጥ ተደርጎ እንዲተከልና ጥላው አጭር የሆነበት ሰዓት እንዲመዘገብ ብቻ አሳስቡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የሁለት ተማሪዎች አባት፤
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ።